የቀኛዝማች መኝታ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፤ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፤ ትርንጎ ግቢው ውስጥ ከእንጨትና ከመስታወት በተሠራ ሣጥን ፊት ተንበርክካ ሰጋቱራ በእጇ እየዛቀች ትጥላለች፤ ያሳደገቻት አክስቷ እታገኝ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና በሩ ላይ ቆማለች።

እታገኝ፦ ለምጽ ያወጣል አልኩሽ! እንሽላሊት የላሰው እጅ ለምጽ ያወጣል። አገር የሚያወራውን አንቺ ብቻ አልሰማሽም።

ትርንጎ፦ ሰምቻለሁ እንጂ። ባለፈው ሳምንት ለምጹ የወጣው የአንዲት ሴትዮ ጣት ላይ ነበር። ማክሰኞ ክንዷ ደረሰ። ዛሬስ የት ነው ያለው፣ እቴቴ?

እታገኝ፦ ቀልጂ! የጎረቤታችን የዘነቡ እህት ጎረቤት ናት በዓይኗ ያየችው። ሴትዮዋ እስከ አንገቷ ነጭ ሆናለች አሉ።

ትርንጎ፦ አንገት ገባ! በዚህ አያያዙ እስከ ጥምቀት ኮፍያ ይሆንላታል። ለመሆኑ ሴትዮዋ ስም የላትም?

እታገኝ፦ ስሟ ምን ይሠራልሻል?

ትርንጎ፦ ሄጄ አንገቷን ላያት ነዋ። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም። ይልቅ እኔ የምጠይቅሽን መልሺልኝ፤ ይሄን እዚህ ውስጥ ማን ከተተው?

እታገኝ፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ ሰጋቱራውን! ጠዋት ወደ ሱቅ ስወጣ እንሽላሊቴ ቀኛዝማች ጋዜጣው ላይ ተኝቶ ነበር። የሰው ሞባይል ስፈታ ስገጥም ውዬ ብመለስ እስከ አንገቱ ተቀብሯል። እይው፣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ዓይኑ ተጣብቋል። ደግሞ ሽታው! ጥድ ነው እኮ ይሄ።

እታገኝ፦ ጥድ ቢሆንስ? አንድ ቀን እንኳ ይህ ግቢ ደህና ይሽተት እንጂ። አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌ ይገባል። ስለ አንቺ መልስ ሊሰማ የመጣ ሽማግሌ የእንሽላሊት ኩስ ሸቶት ይመለስ?

ትርንጎ፦ ኩስ የለም እኮ ነው የምልሽ! ኩስ ቢኖርማ እልል እል ነበር። ከተጸዳዳ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።

እታገኝ፦ እፍ! ቁጥሩን ደግሞ ይዛዋለች። ሰው የጾም ቀን ይቆጥራል፤ አንቺ የእንሽላሊት... ኤጭ! አፌን አታስከፍቺኝ። ስሙ ደግሞ ቀኛዝማች! አያቴ ቀኛዝማች ዘለቀ አጥንታቸው ይወጋሻል።

ትርንጎ፦ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ደረቱን ነፍቶ አንገቱን ሲነቀንቅ አይተሽዋል? ግብር የሚያስገባ ባላባት ነው የሚመስለው። አቶ ልበለው እንዴ? አሁን ወሬ አታስቀይሪኝ። ማን ከተተው?

እታገኝ፦ እኔ ነኝ የከተትኩት።

ትርንጎ፦ በባዶ እጅሽ?

እታገኝ፦ በምጣድ ማሰሻ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በአካፋ ገፍቼ፣ ሦስቴ አማትቤ። እጄን እስካሁን እየታጠብኩ ነው፤ ያ ቅዝቃዜው ክንዴ ላይ አለ። ቱ!

ትርንጎ፦ ሰጋቱራውን ከየት አመጣሽው ነው የምልሽ?

እታገኝ፦ እ... ዘርይሁን ነዋ። ዘርይሁን ነው የላከው።

ትርንጎ፦ የቱ ዘርይሁን?

እታገኝ፦ ስንት ዘርይሁን አለሽ? አናጢው! ዛሬ ሽማግሌ የሚልክብሽ! ከሥራ ቤቱ በጆንያ ሞልቶ «ለትርንጎ አውሬ ይሁንላት» ብሎ ላከ። ሌላው ወንድ ሽቶ ይልካል፤ ይሄ ቀልብሽን አውቆ ለእንሽላሊትሽ ፍራሽ ላከ። እንዴት እንደሚያስብልሽ እይው እንግዲህ!

ትርንጎ፦ ዘርይሁን አይልከውም።

እታገኝ፦ ልኳል!

ትርንጎ፦ እሱ ይሄን አያደርግም፣ እቴቴ።

እታገኝ፦ በቁልቢው ገብርኤል ልኳል! አሁን አመንሽ?

ትርንጎ፦ ...ቁልቢን ጠራሽ?

እታገኝ፦ ጠራሁ። ምነው?

ትርንጎ፦ ምንም። ያቺን ሳህን ለብ ያለ ውኃ ሞልተሽ አቀብዪኝ። ዱቄቱን ከዓይኑ ላጥበው።

እታገኝ፦ የትኛዋን ሳህን?

ትርንጎ፦ ያቺን ሰፊዋን። ትናንትናም እሷ ውስጥ ነው የነከርኩት። ሆዱ ካልሞቀ አይፈታም።

እታገኝ፦ ወይኔ ጉዴ! ቡሆ የማቦካባት ሳህን ናት! ዛሬ ጠዋት ለሽማግሌ የሚቆረሰውን ዳቦ ያቦካሁባት!

ትርንጎ፦ አጥቤያታለሁ።

እታገኝ፦ ምን ብታጥቢያት! በላሁት እኮ! ጠርዙን ቀምሻለሁ! አንገቴን እይኝ እስቲ፣ ነጭ ነገር አለ?

ትርንጎ፦ ዱቄት ነው። ይልቅ ያኔ ጎርፍ የገባ ጊዜ ጓዳሽን የሞላውን በረሮ ማን በላልሽ? ዘነቡ? አንድ በአንድ የለቀመልሽ ይሄ ነው። እኔን የሚያስጠላኝ የቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ? የበርበሬ ዕቃሽ ክዳን ላይ የሚሮጠው በረሮ። እሱን «ተወው፣ የቤት ነው» ትያለሽ።

እታገኝ፦ በረሮ ሰው አይልስም!

ትርንጎ፦ ያዢልኝ እስቲ ጭንቅላቱን፣ ጠብታ ውኃ ልጣልበት።

እታገኝ፦ ብትገድዪኝ አልይዝም። ደግሞ ይህን ያመጣሽበት አንቺው ነሽ። አሸዋውን ከደቻቱ ወንዝ በፌስታል እያጋዝሽ የሞላሽለት ማን ሆነና ነው?

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ፤ ማን ካደ? የበረሃ ፍጥረት ነው፣ አሸዋ ደስ ይለዋል ብዬ ሞላሁለት። አንበጣውን ሲቀልብ አሸዋውንም አብሮ ሲልስ፣ ሆዱ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ያዘ። ከዚያ አነበብኩ፣ ገባኝ፣ ጠርጌ ጣልኩት። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት ነኝ፤ አስተማሪዬ ስህተቴ ነው። እኔ ስሳሳት ባለማወቅ እሳሳታለሁ። እየተነገረኝ አልሳሳትም።

እታገኝ፦ ይሄ ደግሞ ለማን ነው?

ትርንጎ፦ ለአናጢሽ። ሣጥኑን ያሠራሁት ቀን ሥራ ቤቱ ቆሜ፣ ፊት ለፊቱ፣ በዚህ አፌ ነግሬዋለሁ። «ወለሉ ላይ ጥድ እንዳይገባ፤ ሽታው ለእኛ ጌጥ ነው፣ ለሱ ሳንባ እሳት ነው» አልኩት። ቄጠማ ይሻግታል፣ አሸዋ ሆድ ይዘጋል፣ ጋዜጣ ለጊዜው ነው፣ ጥፍሩን የማያዳልጥ ደህና ልሙጥ ድንጋይ ባገኝ እያልኩ ግማሽ ሰዓት ለፈለፍኩበት። «ገባኝ» አለኝ።

እታገኝ፦ «ገባኝ» ብቻ?

ትርንጎ፦ መቼ ሁለት ቃል ተናግሮ ያውቃል? ሌሎቹ አናጢዎች «የእንሽላሊት ቤት» ስላቸው ተንከባለው ሳቁብኝ። አንዱማ «ሚዜው ማነው?» አለኝ። እሱ ግን ሜትሩን ዘረጋና «ስንት በስንት?» አለኝ። አልሳቀም። እዚያ ላይ ነው እንግዲህ...

እታገኝ፦ እዚያ ላይ ምን?

ትርንጎ፦ ምንም።

እታገኝ፦ ብዬ ነበር እኮ! ወደሽዋል!

ትርንጎ፦ ዛሬ ለሽማግሌ ልለው ያሰብኩትን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። አሁን ግን ሰጋቱራው ውስጥ ተቀበረ። ወንድ ልጅ ሲሰድበኝ መልስ አላጣም፤ ሲስቅብኝም እችለዋለሁ። የሚቀፈኝ አንገቱን እየነቀነቀ «ገባኝ» የሚለው ነው። ጆሮው ክፍት፣ ውስጡ ዝግ! ሃምሳ ዓመት ለዚያ ጆሮ ሳወራ ልኖር ነው? እፍ!

እታገኝ፦ ስሚኝ፣ የኔ እመቤት፣ ሰጋቱራው እኮ...

ትርንጎ፦ ቆይ፣ ቆይ! ዓይኑን ገለጠ! ውረድ ጌታዬ፣ ቀስ። እዚህ ድንጋይ ላይ ላስቀምጥህ፣ ፀሐይ አግኝቶታል።

እታገኝ፦ የልብስ ማጠቢያ ድንጋዬ ላይ!

ትርንጎ፦ እይው፣ እይው፣ ሆዱን እንዴት እንደለጠፈበት! እኔ የምፈልገው ይሄን ነበር እኮ። የማይበላ፣ የማይሸት፣ በጨርቅ የሚወለወል፣ ሙቀት የሚይዝ። ጥፍሩን እንኳ አያዳልጠውም፤ ላዩን ትንሽ ሻከር አድርገውታል። ከየት አመጣሽው?

እታገኝ፦ ከ... ገበያ።

ትርንጎ፦ የቱ ገበያ ነው የተላገ ድንጋይ የሚሸጠው? ሐሙስ ነው መሰለኝ መጀመሪያ ያየሁት።

እታገኝ፦ ሐሙስ ይሁን ረቡዕ እኔ ምን አውቄ። ድንጋይ ድንጋይ ነው።

ትርንጎ፦ ሦስት ስንዝር... በሁለት። የሚገርም ነው፤ ልክ የሣጥኑ ወለል።

እታገኝ፦ ያንቺ ስንዝር ምን ቸገረው፣ የፈለግሽው ላይ ይደርሳል። ተነሺ አሁን፣ ልብስሽን ቀይሪ። ሩብ ጉዳይ ሆነ።

ትርንጎ፦ አልቀይርም። እንዳይመጡ እደውላለሁ።

እታገኝ፦ ለማን?

ትርንጎ፦ ለጋሽ ሸዋቀና። የሽማግሌዎቹ አፍ እሳቸው አይደሉ?

እታገኝ፦ ሽማግሌ በስልክ ይሸኛል? ነውር ነው! ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ በወግ ይነገራቸው። ደግሞ ነገሩ እንደምታውቂው ነው። እናቱ ሐረር ያለችውን የዘመዷን ልጅ ነው የምትፈልገው። ልጁ ለምኖ፣ እግሯ ላይ ወድቆ፣ «ትርንጎ እምቢ ካለችኝ ያልሽውን አደርጋለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቶ ነው ወደ እኛ ያስመጣቸው። ዛሬ ከዚህ በር እምቢታ ይዘው ከተመለሱ መኪናቸው አይቆምም፤ ሐረር ነው የሚገባው።

ትርንጎ፦ መንገዱ ይቅናቸው።

እታገኝ፦ ቃሉን ከሰጠ የማይመልስ ልጅ ነው፣ አንቺ!

ትርንጎ፦ ለኔም «ገባኝ» ብሎ ቃል ሰጥቶኝ ነበር።

እታገኝ፦ ትርንጎዬ፣ ስልኩን አስቀምጪውና አንዴ ስሚኝ። ስለ ሰጋቱራው አንድ ነገር...

ትርንጎ፦ ስለ ሰጋቱራው ቁልቢን ጠርተሽ ነገርሽኝ። ከዚያ በላይ ምን ትጨምሪያለሽ? ቁልቢን ሁለቴ ትጠሪዋለሽ?

እታገኝ፦ ...አይ። እሱንስ አልጠራም።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ዝም በይ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ...ሃሎ! ጋሽ ሸዋቀና፣ እንደምን ዋሉ? ትርንጎ ነኝ። አይ፣ እሷም ደህና ናት፣ እዚሁ አጠገቤ ቆማለች። ...ለሱ ነው የደወልኩት። እንዳይደክሙ ብዬ ነው፣ አባቴ። አይሆንም። ...አዎ፣ የኔ መልስ ነው፣ የሷ አይደለም። ...አይ፣ ሌላ ሰው የለም።

እታገኝ፦ «ላስብበት» በያቸው! «ጊዜ ስጡኝ» በይ!

ትርንጎ፦ ...ምክንያቱን ከጠየቀ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ፤ «የተነገረውን የማይሰማ ሰው አልፈልግም፤ ጥዱን ለሐረሯ ያንጥፍላት»። እንዳለ ይንገሩልኝ፣ ምንም ሳይቀንሱ። ...እሺ። ...እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ይሁኑ።

እታገኝ፦ ምን አሉ?

ትርንጎ፦ «ተመስገን፣ ቁርጡን ማወቅ ጥሩ ነው» አሉ። መኪና ውስጥ ናቸው። እሱም አብሯቸው ነው መሰለኝ፤ ሲደግሙለት ሰማሁ።

እታገኝ፦ ጥዱንም ደገሙለት?

ትርንጎ፦ ጥዱንም።

እታገኝ፦ እሱስ ምን አለ?

ትርንጎ፦ ምን ይላል? «ገባኝ» አለ።

እታገኝ፦ ...በቃ?

ትርንጎ፦ ከዚያ «እንግዲያው ወደ ሐረር አዙረው» ሲባል ሰማሁ። ሞተሩ ጮኸ። ስልኩ ተዘጋ። ምን ሆነሽ ነው የምትቀመጪው? ሽማግሌውን የሸኘሁት እኔ፣ የምታዝኚው አንቺ?

እታገኝ፦ እናትሽ አደራ ስትለኝ «ቁጡ ናት፣ ለሚችላት ስጪያት» ነበር ያለችኝ። አንድ የሚችልሽ አገኘሁ።

ትርንጎ፦ እቴቴ! እቴቴ፣ ነይ እይ! ወጣለት!

እታገኝ፦ ምን ወጣለት?

ትርንጎ፦ ኩሱ! አሥራ አንድ ቀን! እይው፣ ግማሹ አሸዋ ነው፣ ጠጠር ሳይቀር አለበት! እልልልል!

እታገኝ፦ ድንጋዩ ላይ? ሸሚዝ የማሽበት ድንጋይ ላይ? ወይ አምላኬ፣ ግማቱ! አፍንጫዬን ልቁረጠው?

ትርንጎ፦ ሙቀቱ ነው የፈታው። ድንጋዩ አዳነልኝ! በቃ ይህን ድንጋይ አልመልስልሽም። ሌላ ማጠቢያ ግዢ። ዛሬውኑ ሣጥኑ ውስጥ አነጥፈዋለሁ።

እታገኝ፦ አንጥፊው። ያንቺ ነው።

ትርንጎ፦ እንዲህ በቀላሉ? ምነው፣ ሳትጮሂ? ሳታማትቢ?

እታገኝ፦ ያንቺ ነው እኮ አልኩሽ። ሐሙስ ጠዋት ልጁ ነው ያመጣው። በጀርባው ተሸክሞ፣ ከታክሲው እስከዚህ፣ ላቡ እየወረደ።

ትርንጎ፦ የቱ ልጅ?

እታገኝ፦ ስንት ልጅ አለሽ?

ትርንጎ፦ ...እቴቴ።

እታገኝ፦ «ለሣጥኑ ነው» አለኝ። ሌላ ቃል አልተነፈሰም። አቀብሎኝ ሄደ። እኔም አየሁት፣ ልሙጥ ነው፣ ሸጋ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ እንሽላሊት ሊኮሳበት አንጀቴ አልችል አለ። ሳሙና ደፋሁበት።

ትርንጎ፦ ሰጋቱራውስ?

እታገኝ፦ ሰጋቱራው ከእነ ዘነቡ ግቢ ነው። ጣሪያ ሲያሠሩ የተረፈ። ለሽታው ብዬ ነው።

ትርንጎ፦ ቁልቢን ጠርተሽ!

እታገኝ፦ እንድትወጂው ብዬ ነው! ስጦታ ቢልክ ትወጂዋለሽ ብዬ! ልኬልሻለሁ የማይል ልጅ ነው፣ እኔ ልበልለት ብዬ! ከዚያ አንቺ ስትቆጪ... አንዴ ምያለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ልነግርሽ ስል አፌን ስትዘጊኝ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ትርንጎ፦ ድንጋዩን አመጣልኝ... የዚያን ቀን የለፈለፍኩትን፣ ስንዝሩን፣ ሻካራውን... ሁሉንም ሰምቶኝ ነበር።

እታገኝ፦ ደውዪ። መልሰሽ ደውዪላቸው።

ትርንጎ፦ ደውዬ ምን ልበል? «ጥዱን ለሐረሯ ያንጥፍላት» ያልኩትን ልዋጠው? ፊቱ ደግመውለታል። ለእናቱ ቃል ሰጥቷል፤ አንቺው አይደለሽ ቃሉን የማይመልስ ነው ያልሽኝ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

እታገኝ፦ እኔ ልደውል። እግራቸው ላይ ልውደቅ።

ትርንጎ፦ ተይ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ...ቀኛዝማችን ያዢልኝ፣ ድንጋዩን ልጠበው።

እታገኝ፦ አምጪው። ...ኡፍ። ቀዝቃዛ አይደለም ለካ፤ ይሞቃል። ሲተነፍስ ይሰማል።

ትርንጎ፦ እቴቴ፣ ገልብጠሽው ታውቂያለሽ ይሄን ድንጋይ?

እታገኝ፦ ከሥሩ ጫርጫር ያለ ነገር አየሁ። ፊደል እንደሆነ እንኳ... አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ምን ይላል?

ትርንጎ፦ በሚስማር ነው የጫረው። «የቀኛዝማች መኝታ። ጥድ ማስገባት ክልክል ነው።»